አንድ በእጅ፦ ያለ ኤሌክትሮኒክስ የሚያሰሉ ማሽኖች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

 

የዛሬውን ዝግጅት ከግቢያችሁ ልጀምር። በር አካባቢ የውሃ ቆጣሪ ካላችሁ አቧራውን ጠረግ አድርጋችሁ መስታወቱን ተመልከቱ። ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ትናንሽ ቀለበቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቧንቧ ሲከፈት የቀኙ ዳር ይዞራል፤ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የቀኙ 9ን አልፎ ወደ 0 ሲመለስ የግራ ጎረቤቱን አንድ እርምጃ ገፋ ያደርገዋል። እዚያ ውስጥ የሚደምር ኤሌክትሮኒክስ የለም። ውሃ ሲጠፋ ይቆማል እንጂ መብራት ቢጠፋ ደንታም የለው።

ይህን ሥራ ሁላችንም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት፤ አምስት ጽፈን አንድ በእጅ። ቆጣሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እጁ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ መሠራቱ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህችን «አንድ በእጅ» ለብረት ለማስተማር ሦስት መቶ ዓመት ስለደከሙ ሰዎች ነው። ከጥርስ፣ ከሞላና ከላሜራ ሙሉ ኮምፒውተር እስከ መሥራት ደርሰዋል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እርሳስና ወረቀት በአቅራቢያችሁ ይኑር፤ ትንሽ ቆይተን እንፈልጋቸዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ጥርስ ያላቸው መንኮራኩሮች ሁሉ አይቆጥሩም። አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ማመጣጠን ነው። 20 ጥርስ ያለው መንኮራኩር 60 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ለሦስት አካፍሏል ማለት ነው። ምንም የሚያዝ፣ ምንም የሚተላለፍ የለም፤ ዝም ብሎ ይፈስሳል።

የዚህ ዓይነቱ ማሽን እጅግ ጥንታዊው ምሳሌ ከግሪክ ባሕር የወጣ ነው። በ1901 ግድም ስፖንጅ የሚለቅሙ ጠላቂዎች አንቲኪቴራ በምትባል ደሴት አጠገብ ከሰጠመ መርከብ ውስጥ ሐውልቶችና ዕቃዎች አወጡ። ከመካከላቸው አንድ የዛገ የነሐስ ጓል ነበር። ሲሰነጠቅ ጥርስ ታየበት። በራጅ ሲመረመር ቢያንስ 30 መንኮራኩሮች ተገኙበት። ዕድሜው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው። መዘውሩን ሲያዞሩት የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ፣ ግርዶሽ የሚጠበቅበትንም ጊዜ ያሳይ ነበር።

እዚህ ላይ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አድማጮቼ ጆሯቸውን ቀና ያድርጉ። በዚያ ነሐስ ላይ ከተቀረጹት ቁጥሮች መካከል 19 እና 76 ይገኙባቸዋል። 19 ዓመት የእኛ ሊቃውንት ንዑስ ቀመር የሚሉት ነው፤ 76 ደግሞ ማዕከላዊ ቀመር። ምክንያቱም አንድ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በየ19 ዓመቱ ሠርቀ ጨረቃ ወደ ነበረበት ቀን ይመለሳል። የእስክንድርያ ሊቃውንት ፋሲካን ያሰሉት በዚሁ ዑደት ነው፤ በእኛም ዘንድ ትውፊቱ ከእስክንድርያው ድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። በአበቅቴና በመጥቅዕ በቃል የሚሰላውን ዑደት ያ የግሪክ ባለ እጅ በጥርስ ብዛት ቆርጦታል። ሁለቱንም አንድ ሰማይ ነው ያስተማራቸው።

የዚሁ ቤተሰብ ዘመናዊ ልጅ ደግሞ የባሕር ከፍታ መተንበያው ነው። ሎርድ ኬልቪን በ1872 እና በ1873 በእንግሊዝ አሠራው። የባሕር ከፍታ የሚለዋወጠው ጨረቃና ፀሐይ በሚፈጥሯቸው ብዙ መዋዠቆች ድምር ነው። በማሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ መዋዠቅ አንድ ከፍ ዝቅ የሚል ፑሊ አለ፤ በሁሉም ላይ አንድ ክር ያልፋል፤ የክሩ ጫፍ ብዕር ይዟል። ፑሊዎቹ ሲወጡና ሲወርዱ ክሩ ይደምራቸዋል፤ ብዕሩም የነገውን፣ የከርሞውንም ባሕር በወረቀት ላይ ይስላል። በሰኔ 1944 የተባበሩት ኃይሎች ጦር ኖርማንዲ ሲወርድ የባሕሩ ከፍታ የተሰላው ሊቨርፑል አጠገብ ባለችው ቢድስተን፣ አርተር ዱድሰን በሚመራቸው እንዲህ ባሉ ሁለት ማሽኖች ነው። ሁለቱ በአንድ ቦምብ እንዳይጠፉ በሕንጻው ግራና ቀኝ ጫፍ ተለያይተው ተቀመጡ ይባላል።

ውብ ናቸው፤ ግን ጉድለት አላቸው። ክር ይለጠጣል፣ ጥርስ ይላላል፤ መልሱ «ግምት» ነው። ሒሳብ ሹም ደግሞ ግምት አይወድም። ሳንቲም ላይ ልክ የሚሆን ማሽን ከተፈለገ መቁጠር ግድ ነው፤ መቁጠር ከመጣ አንድ በእጅ ይመጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

በ1642 ብሌዝ ፓስካል የተባለ አሥራ ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘ ፈረንሳዊ ወጣት ይህንን ችግር ፊት ለፊት ገጠመው። አባቱ በሩዋን ከተማ የግብር ሹም ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲደምር ያድራል። ልጁ የአባቱን ድካም ለማቅለል ሣጥን ሠራ። በሣጥኑ ፊት መንኮራኩሮች አሉ፤ በትንሽ እንጨት እየጠነቆልክ ታዞራቸዋለህ፤ ድምሩ በመስኮት ይታያል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። 999,999 ላይ 1 ደምሩ። ስድስቱም ዘጠኞች ወደ 0 መዞር አለባቸው። እያንዳንዱ መንኮራኩር ጎረቤቱን በራሱ ጉልበት የሚገፋ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን የምታዞረው ጣት የስድስቱንም ክብደት በአንድ ጊዜ መሸከም ሊኖርባት ነው። በዚያ ዘመን በነበረው የአናጢና የሰዓት ሠሪ ሥራ ጥርሱ ይነቀላል ወይም መሐል ላይ ይቸከላል።

ፓስካል ያገኘው መላ ብልህ ነው። በእያንዳንዱ መንኮራኩር አጠገብ ክብደት ያላት ማንሻ አስቀመጠ። መንኮራኩሩ ወደ 9 እየተጠጋ ሲሄድ ማንሻዋን በትንሽ በትንሹ ወደ ላይ ያነሣታል። ከ9 ወደ 0 ሲያልፍ ማንሻዋ ድጋፏን ታጣና ትወድቃለች፤ በምትወድቅበት ጊዜ የሚቀጥለውን መንኮራኩር አንድ እርምጃ ትመታዋለች። አያችሁ? ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት አስቀድሞ፣ ጥቂት በጥቂት ተቆጥቧል። ስድስት ዘጠኞች ቢደረደሩ ስድስት ማንሻዎች ተራ በተራ ይወድቃሉ፤ ጣታችሁ የምትገፋው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሎታል። ማንሻዋ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምትሠራ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ታዲያ መቀነስ እንዴት ይሆናል? በመደመር! እስቲ እርሳሱን አንሡ። 83 ሲቀነስ 27 እንበል። 27ን ተዉትና እያንዳንዱን አኃዝ ከ9 ቀንሱ፤ ከ9 ላይ 2 ሲነሣ 7፣ ከ9 ላይ 7 ሲነሣ 2፤ 72 ይሆናል። አሁን 83ና 72 ደምሩ፤ 155። ከፊት ያለችውን 1 አውጧትና ከኋላ ደምሯት፤ 55ና 1፣ 56። 83 ሲቀነስ 27 ስንት ነው? 56። ምንም ወደ ኋላ አልተመለስንም። ዛሬም በእጃችሁ ያለው ስልክ የሚቀንሰው በዚሁ ዘዴ ዘመድ ነው።

ከፓስካል በኋላ ጀርመናዊው ላይብኒትስ ርዝመታቸው የሚበላለጥ ጥርሶች ያሉት ከበሮ ፈጥሮ ማባዛትን ጨመረበት፤ ፈረንሳዊው ቶማስ ደ ኮልማር ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ለገበያ አበቃው። ባንክና መድን ቤቶች ገዙት። ያ ታሪክ ረጅም ነው፣ እንለፈው፤ የምንቸኩለው ወደ ለንደን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በ1821 ቻርልስ ባቤጅ የተባለ የሒሳብ ሰው ከወዳጁ ከጆን ኸርሸል ጋር ተቀምጦ የሥነ ፈለክ ሰንጠረዦችን ያመሳክር ነበር። ሰንጠረዦቹን የሚያሰሉት ሰዎች ናቸው፤ የሚለቅሟቸው የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ስህተቱም በያንዳንዱ ገጽ ነው። መርከብ የሚመራው በእነዚህ ቁጥሮች ስለሆነ ጉዳዩ የነፍስ ነው። ባቤጅ ተማረረ፤ ይህ ሁሉ በእንፋሎት ኃይል ቢሰላ ምናለ አለ። ቀሪ ዕድሜውን የበላው ይህ ምኞት ነው።

መነሻው ቀላል ነው። ጻፉ፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25። ቁጥሮች በራሳቸው ሲባዙ የሚገኙ ናቸው። አሁን በየመካከላቸው ያለውን ልዩነት ከሥር ጻፉ፦ 3፣ 5፣ 7፣ 9። የእነዚህንም ልዩነት ጻፉ፦ 2፣ 2፣ 2። የመጨረሻው አይለወጥም! ስለዚህ የሚቀጥለውን ለማግኘት ማባዛት አያስፈልግም። 9ና 2፣ 11፤ 25ና 11፣ 36። ስድስት ጊዜ ስድስት ማለት ነው፤ በመደመር ብቻ ደረስንበት። አብዛኞቹ የሰንጠረዥ ቁጥሮች እንዲህ ባለ መደመር በበቂ ቅርበት ሊገኙ ይችላሉ። ባቤጅ የፈለገው ይህንን ሳይታክት የሚደምር ማሽን ነው።

መንግሥት ገንዘብ ሰጠው፤ ከ1823 ጀምሮ ሥራው ተጀመረ። ለመጀመሪያው ንድፍ 25,000 ያህል ክፍሎች ያስፈልጉ ነበር። ጆሴፍ ክሌመንት የሚባል በለንደን ወደር የሌለው የቶርኖ ባለሙያ ክፍሎቹን መቅረጽ ያዘ። በ1833 ግን በክፍያና በወርክሾፑ ጉዳይ ተጣሉና ክሌመንት ሥራውን ጣለው። መንግሥት ያወጣው ከ17,000 ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሃያ ያህል የባቡር ሎኮሞቲቭ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ነው። በ1842 ነገሩ በይፋ ተዘጋ። እኔ በበኩሌ የመንግሥት ሰዎች ላይ አልፈርድም፤ ገንዘብ ሰጥቶ ለሃያ ዓመት ያህል ማሽን ያላየ ማንም ቢሆን ይሰለቻል።

ብዙ ጊዜ «የዘመኑ ብረት ሥራ ስላልደረሰበት ነው» ይባላል። ይህ ግን አጠራጣሪ ነው። ባቤጅ ከ1847 እስከ 1849 ባለው ጊዜ የተሻለና የቀለለ ሁለተኛ ንድፍ ሣለ፤ የሠራለት ግን አልነበረም። የለንደን ሳይንስ ሙዚየም በዶሮን ስዌድ መሪነት ንድፉን ይዞ በ1991፣ ባቤጅ በተወለደ በ200ኛ ዓመቱ፣ የማስሊያውን ክፍል ጨረሰው። ክፍሎቹ የተቆረጡት በዘመናዊ መሣሪያ ቢሆንም፣ ልኬታቸው የ19ኛው መቶ ዘመን ባለሙያ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ እንዳይጠራ ሆን ተብሎ ተገድቧል። ሠራ! በ2002 የማተሚያው ክፍል ሲጨመርበት በጠቅላላው 8,000 ያህል ክፍሎች፣ 5 ቶን ክብደትና ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ሆነው። በስዊድንም ሹትስ የተባሉ አባትና ልጅ ከባቤጅ ሐሳብ ተነሥተው፣ እሱ በሕይወት እያለ፣ በ1853 ሙሉ ማሽን ሠርተዋል። እንግዲህ ችግሩ ከብረቱ ይልቅ ከሥራ አመራሩና ከሰውየው ጠባይ ሳይሆን አይቀርም።

የባቤጅን ሁለተኛ ማሽን አንድ በእጅ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ቆመዋል፤ በአንድ ዓምድ ላይ 31 መንኮራኩር፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ አንድ ቤት ከታች፣ ትልቁ ቤት ከላይ። ሥራው በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር መንኮራኩሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደመራሉ፤ ከ9 ወደ 0 ያለፈ ካለ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ገፍቶ ያቆማታል። ምልክት ናት፤ ገና ምንም አላስተላለፈችም። በሁለተኛው ዙር አንድ ቋሚ ዘንግ ይዞራል፤ በዘንጉ ላይ ያሉት ጣቶች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ከታች ወደ ላይ ዘወር እያሉ ተተክለዋል። የታችኛው ጣት ቀድሞ ይደርሳል፣ የላይኛው ቀጥሎ። ጣቱ ምልክት የቆመበት ቦታ ሲደርስ ማንሻዋን ይገፋና ከላይ ያለውን መንኮራኩር አንድ ይጨምርለታል። ያ መንኮራኩር 9 ላይ ኖሮ በዚህ ምክንያት 0 ቢሆንስ? ምልክቱን ያቆማል፤ የእሱ ጣት ገና እየመጣ ስለሆነ ይደርስለታል። መዘውሩ ሲዞር ከጀርባ በኩል ጣቶቹ ከታች ወደ ላይ ማዕበል እየሠሩ ሲወጡ ይታያሉ፤ የማሽኑን ቪድዮ ያየ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚወዛወዝ ካላወቀ ጌጥ ይመስለዋል።

ባቤጅ ከ1834 ጀምሮ ደግሞ ከመደመር ያለፈ ነገር ማሰብ ይዞ ነበር፤ ትንተናዊው ማሽን። ቁጥር የሚቀመጥበት ክፍል አለው፣ የሚያሰላበት ክፍል ሌላ ነው፤ ትእዛዙ በተበሳ ካርድ ይገባል። ካርዱን የወሰደው ፈረንሳዊው ዣካር ለሐር ሽመና ከፈጠረው መሣሪያ ነው። ማሽኑ ውጤቱን አይቶ አካሄዱን ይለውጣል። ይህ እንግዲህ የዛሬ ኮምፒውተር አጽም ነው፤ ሥጋው ግን ነሐስ። በ1843 አዳ ላቭሌስ ስለዚህ ማሽን የተጻፈን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተርጉማ ከጽሑፉ የሚረዝም ማብራሪያ ጨመረችበት፤ በርኑሊ የተባሉትን ቁጥሮች ማሽኑ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያሰላ አሳየች። ማሽኑ ግን ከጥቂት ክፍሎቹ በቀር አልተሠራም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ በርሊን፣ ወደ 1936። ኮንራድ ሱዘ የ26 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሒሳብ መደጋገም አንገፈገፈው። ሥራውን ለቅቆ የወላጆቹን ሳሎን ወረሰ። እስቲ እናትየውን አስቡልኝ! ጓደኞቹ እየመጡ በሴጌቶ ላሜራ ይቆርጡለታል፤ ገንዘቡም ከቤተሰብና ከወዳጅ የተለቀመ ነው። በ1938 ያለቀው ማሽን፣ በኋላ ዜድ 1 የተባለው፣ ሳሎኑን ሞላው።

ሱዘ ስለ ባቤጅ አያውቅም ነበር። ምናልባትም ጠቅሞታል፤ መንኮራኩርን እርግፍ አድርጎ ተወው። ከ0 እስከ 9 አሥር አቋም ያለው ነገር ለምን አስፈለገ? ሁለት አቋም ይበቃል አለ፤ 0 እና 1። ላሜራ ወደ ግራ ከሆነ 0፣ ወደ ቀኝ ከሆነ 1። በቃ።

ታዲያ ላሜራ እንዴት ያስባል? ሦስት ላሜራዎችን እንውሰድ፤ አንደኛው ሁልጊዜ በመዘውሩ ይመላለሳል፤ ሁለተኛው መልስ ሰጪው ነው፤ ሦስተኛው ወሳኙ። በሦስቱም ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ፒን ቆማለች። ወሳኙ 0 ላይ ሲሆን ፒኗ በሰፊው ቀዳዳ በኩል ናትና፣ ተመላላሹ ቢንቀሳቀስ አይነካትም፤ መልስ ሰጪው ባለበት ይቆያል። ወሳኙ 1 ላይ ሲሆን ፒኗን ወደ ጠባቡ ቦታ ይስባታል፤ አሁን ተመላላሹ ፒኗን፣ ፒኗ መልስ ሰጪውን ይዞ ይሄዳል። ማለትም መልሱ 1 የሚሆነው ተመላላሹም ወሳኙም 1 ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህ በዛሬው ቋንቋ «እና» የሚባለው የሎጂክ በር ነው፤ ዛሬ ትራንዚስተር የሚሠራው ይህንኑ ነው። የአንዱ መልስ ለሌላው ወሳኝ ይሆናል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ በሺህ የሚቆጠሩ ላሜራዎች ይደምራሉ፣ ያባዛሉ፣ ያካፍላሉ።

አንድ በእጅም በዚህ ዓለም ቀለለ። አንድና አንድ ሲደመር 0 ተጽፎ አንድ በእጅ፤ ሌላ ጉዳይ የለም። ማስታወሻው፣ ሜሞሪው፣ እያንዳንዳቸው 22 ቢት የሆኑ 64 ቁጥሮችን በላሜራና በፒን ይይዛል። ፕሮግራሙ የሚነበበው ከተበሳ የሲኒማ ፊልም ነው፤ የተጣለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ። ኤሌክትሪክ የነበረው መዘውሩን በሚያዞረው ሞተር ላይ ብቻ ሲሆን በሰከንድ አንድ ዙር ያህል ይዞር ነበር።

ሜሞሪው በደንብ ሠራ። የስሌቱ ክፍል ግን አመለኛ ሆነ፤ በእጅ የተቆረጠ ላሜራ አንዱ በጥቂቱ ሲጣመም ሌላውን ይይዛል፤ አንዱ ሲያዝ ሁሉም ይቆማል። ሱዘ ለቀጣዮቹ ማሽኖቹ የስልክ ቤት ማብሪያ ማጥፊያዎችን፣ ሪሌዎችን፣ መረጠ፤ በ1941 የጨረሰው ዜድ 3 በዚያ ሠራ። ዜድ 1 በ1943 በቦምብ ከነንድፉ ወደመ። ሽማግሌው ሱዘ ከ70 ዓመቱ በኋላ ተነሥቶ ከትዝታው እንደገና ሠራው፤ ዛሬ በበርሊን የቴክኖሎጂ ሙዚየም ይታያል።

በዚያው በ1943 ሌላ ሰው፣ ኩርት ሄርስታርክ፣ በናዚዎች ተይዞ ቡኸንቫልድ ካምፕ ገባ። አባቱ አይሁዳዊ፣ ቤተሰቡ ቪየና ውስጥ የማስሊያ ማሽን አምራች ነው። ከመታሰሩ በፊት በእጅ መዳፍ የሚያዝ ማስሊያ በአእምሮው ነድፎ ነበር። የካምፑ ሹሞች ይህን ሲሰሙ ለሂትለር የድል ስጦታ ይሆናልና ሣለው አሉት። ሣለ፤ ሥዕሉ በሕይወት አቆየው። ከጦርነቱ በኋላ ሊሕተንሽታይን ውስጥ ከ1948 ጀምሮ «ኩርታ» በሚል ስም ተመረተ፤ እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ድረስ 140,000 ያህል ተሸጠ። በመዳፍ የሚገባ፣ ከላዩ ትንሽ መዘውር ያለው ሲሊንደር ነው። ውስጡ 600 ያህል ክፍሎች አሉ። ሌሎች ለእያንዳንዱ አኃዝ አንድ አንድ ከበሮ ሲያስገቡ፣ እሱ በመሐል አንድ ከበሮ ብቻ አቁሞ አኃዞቹ ሁሉ ዙሪያውን እንዲጋሩት አደረገ። መቀነስ ሲያስፈልግ መዘውሩን ሳብ ታደርገዋለህ፤ ከበሮው ከፍ ይልና ከ9 የተቀነሱትን ጥርሶች ያቀርባል። ቅድም በወረቀት የሠራነው 72፣ እዚያ ውስጥ በብረት ተቀርጾ ይጠብቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

እነዚህን ሁሉ ምን ገደላቸው? ፍጥነት። ብረት ክብደት አለው፤ ለማስነሣት ጊዜ፣ ለማቆም ጊዜ ይፈልጋል። በ1945 ያለቀው የአሜሪካው ኤኒያክ በቫኪዩም ቱቦ በሰከንድ 5,000 ጊዜ ይደምር ነበር። የሚገርመው፣ ኤኒያክ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ራሳቸው በአሥር በአሥር ቀለበት ተደርድረው ከ0 እስከ 9 ይቆጥሩ ነበር፤ የብረቱን መንኮራኩር በኤሌክትሮኒክስ ፍጥነት አስመስለው።

ሆኖም ብረቱ ጨርሶ አልሞተም። የአሜሪካ ግዙፍ የጦር መርከቦች፣ ሚዙሪና ዊስኮንሲን፣ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከባድ መድፋቸውን የተኮሱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በተሠሩ የብረት ማስሊያዎች እየታገዙ ነው። በሙቀትም ረገድ ኤሌክትሮኒክስ የማይደፍረው ቦታ አለ። ቬነስ ላይ ሙቀቱ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ግፊቱ ከምድር 90 እጥፍ ነው። የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩር ቬኔራ 13 በ1982 እዚያ አርፋ 127 ደቂቃ ሠርታ ዝም አለች። ስለዚህ በ2016 በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የሚሠራው ጆናታን ሳውደር በነፋስ የሚዞር፣ ጉልበቱን በሞላ የሚያጠራቅም፣ በጥርስና በዘንግ የሚወስን ተሽከርካሪ ሐሳብ አቀረበ። መልእክቱን የሚልከው በራዳር መስተዋት ነው፤ መሸፈኛ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከላይ የምትዞር ሳተላይት ትቆጥራለች። ሐሳቡ እየተሻሻለ ሲሄድ ሙቀት የሚችል ኤሌክትሮኒክስ ተቀላቀለበት። በ2020 ናሳ እንቅፋት የሚለይ ያለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ መሣሪያ ለሚነድፍ ሰው ውድድር አውጥቶ ነበር፤ ድንጋይ ሲነካው መንገድ የሚያስቀይር፣ የዓይነ ስውር በትር ያህል ቀላል ነገር።

ለሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አራት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ጻፉ፦ 1፣ 7፣ 12፣ 6። የባቤጅ ማሽን አራት ዓምዶች ናቸው እንበል። በየዙሩ ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው፣ አራተኛውን ወደ ሦስተኛው ደምሩ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። አራተኛው 6 አይለወጥም። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ 8፣ ቀጥሎ 27፣ ከዚያ 64 ይመጣል፤ አንዳች ሳታባዙ የቁጥሮችን ሦስተኛ ርቢ እያገኛችሁ ነው። ከ1 ጋር ሲቆጠር አሥረኛው 1,000 መሆን አለበት። ካልሆነላችሁ ሰባተኛውን ፈትሹ፤ 343 ካልሆነ ስህተቱ ከዚያ በፊት ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)